ቦንጋ፣ ቡና እና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ

ከአዲስ አበባ ተነስተው በወልቂጤና በጅማ አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓዙ፣ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ አየሩ ይለወጣል። ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ዳገቱ እየበረታ፣ ጫካው ከግራም ከቀኝም ወደ መንገዱ እየቀረበ ይመጣል። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች አረንጓዴ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበበው የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ሦስት ቀን አይበዛባትም። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያው ቦንጋ ነው። የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ እያለ የሚያሳየው የማንኪራ ጫካ፣ የውሽውሽ የሻይ ማሳና የባርታ ፏፏቴም አሉ። ገበያ ከወጡ ደግሞ የጫካ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ሳይገዙ አይመለሱም።

እኔ ግን በኅዳር ወር የሄድኩት ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። አክስቴ ደውላ፣ “አንቺ ቢዝነስ የተማርሽ ነሽ፤ መጥተሽ ቁጭ ብለሽ አስሊልን” ስላለችኝ ነው። ልጇ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር ትፈልጋለች፤ ለመማር የምትፈልገውም አሜሪካ ነው። አባቷ ጋሼ ደግሞ ከተማው ውስጥ የሚያከራዩትን ቤት ሊሸጡ ደላላ አነጋግረዋል። የቤቱ ኪራይ የሁለት ታናናሾቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

“የመጀመሪያውን ዓመት በቤቱ ዋጋ እንከፍላለን፤ ከዚያ በኋላ እሷ እየሠራች ትማራለች” አሉ ጋሼ። ብዙ ወላጅ የሚያስበው እንደዚህ ነው። ችግሩ፣ በተማሪ ቪዛ የሚገባ ልጅ ትምህርት ላይ እያለ መሥራት የሚፈቀድለት በመሠረቱ ግቢው ውስጥ፣ ያውም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ያ ገንዘብ ለኪስና ለመጽሐፍ ይሆን ይሆናል እንጂ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይሸፍንም። ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ ለማግኘትም ቢሆን ቢያንስ የአንድ ዓመቱ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ግድ ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ስም እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ልጅቷ ያዘጋጀችው ዝርዝር በየዓመቱ ከሚወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ላይ ከላይ ወደ ታች የተገለበጠ ነበር። ደረጃው ስለ ስም ብዙ ይናገራል፤ ለአንዲት የቦንጋ ልጅ ምን ያህል እንደሚከፍልላት ግን አይናገርም። ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ ዝርዝሩን ዘግተን ጥያቄዎቻችንን በወረቀት ጻፍን።

የመጀመሪያው፣ ስኮላርሺፑ ተቀንሶ ምን ይቀራል የሚለው ነው። እንበል፣ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 60,000 ዶላር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው 20,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጠ። በዚህ ዜና እልልታ ይቀልጣል። የሚቀረው ግን በዓመት 40,000፣ በአራት ዓመት 160,000 ዶላር ነው። እንደ ኤም.አይ.ቲ.፣ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉ በኋላም የጎደለውን ይሞላሉ። በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ለውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት ድጋፍ ውስን ነው። በመካከል ያሉትና እኛ ዘንድ ስማቸው ብዙም የማይነሳው ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። ለምሳሌ ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፤ ላፋዬትና ስዋርትሞርም እንዲሁ። ሦስቱም ለውጭ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው፣ የትምህርት ክፍሉ ዕውቅና አለው ወይ የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ትምህርትን የሚመዝነው ድርጅት ኤቤት ይባላል። ጋሼ ሲሰሙ፣ “ሲጠሩት የሚመልስ ነው ማለት ነው?” ብለው አሳቁን። ልብ ማለት ያለብን፣ ዕውቅናው የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም መሆኑን ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲቪሉ ዕውቅና ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማረጋገጥ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ሦስተኛው፣ ወደ ኢንጂነሪንግ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ገና ሲቀበል የትምህርት ክፍሉን ይወስናል። ፐርዱን የመሰለው ደግሞ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹን አንደኛ ዓመት በጋራ አስተምሮ ነው ወደየክፍላቸው የሚልካቸው። በሌላ ክፍል ገብቶ በኋላ ወደ ኢንጂነሪንግ መዛወር በብዙ ቦታ ከባድ ነው።

አራተኛው የከተማው ጉዳይ ነው። ልጅቷ “ትንሽ ከተማ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?” አለች። ወደ ቦንጋ ስንመጣ ያለፍንባት ጅማ መልስ አላት። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ጅማ በሚገኘው የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዓለማያ ኮሌጅ ተመርቀው፣ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በዚያው በፐርዱ ነው። ፐርዱ ያለው ዌስት ላፋዬት በምትባል የኢንዲያና ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አሸነፉ። ትንሽ ከተማ ላይ የቤት ኪራይና ኑሮ አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቆቹ ይረክሳል።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና የሚኮሩበትን የአገራቸውን ልጅ አነሱ። ዶክተር ቅጣው እጅጉ የተወለዱት እዚሁ ቦንጋ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጅማ፣ ሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ጨረሱ። ከዚያ በቀጥታ አሜሪካ አልሄዱም፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገቡ። ቀጥሎ ጃፓን ኢንጂነሪንግ ተማሩ፤ አሜሪካ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ በናሳ የሠሩ የጠፈር መሐንዲስ ተብለው ነው የሚታወሱት። ልጅቷ ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ያን ምሽት ግን በመካከሉ ያሉትን ማረፊያዎች በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

“ጋሼ፣ ቤቱን አይሽጡ” አልኳቸው። መልስ የሰጠችው ልጅቷ ነበረች፤ “አባዬ፣ ሙሉ ወጪዬን የማይሸፍን ከሆነ ቢቀበሉኝም አልሄድም። እዚሁ አገር እጀምራለሁ፤ ለማስተርስ እሞክራለሁ።” በእርግጥ በኢንጂነሪንግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት ተቀጥሮ ክፍያው የሚሸፈንለት ጊዜ ብዙ ነው። አክስቴ ሦስተኛውን ስኒ ስትቀዳ ደላላው ዳግመኛ አልተነሳም።

ዝርዝሩ ስምንት ሆነ። ከድሮው የቀሩት ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹን ራሷ ፈልጋ ያገኘቻቸው ናቸው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳላት መጠየቅ እንደምትችልም አወቀች። በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፈው ኤዱኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ. አዲስ አበባ ላይ ምክር የሚሰጠው በነፃ ስለሆነ፣ “አስገባላችኋለሁ” ለሚል ሰው የሚከፈል ብር የለም።

የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ ማብቂያና በጥር መግቢያ፣ መልሱ የሚመጣው ደግሞ መጋቢት ላይ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ከማመልከቻው በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና ከስሙ አጠገብ የሚቀረውን ዕዳ ጻፉ። ቁጥሩን ልጁም ይየው።