መንገድ የሚለቀቅለት

ሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዐረፋ አልፎ ጅቡቲ ከተማ ወደ ሥራ ተመልሳለች። በማለዳ ከዋራበሌ ስነሳ ሙቀቱ ገና አልበረታም፤ የባልባላን ቁልቁለት ስጨርስ ግን የመኪናው መሪ እጄ ላይ መጣበቅ ጀምሯል። ጅቡቲ ላይ ሥራ በጠዋት ይገባል፣ ፀሐይዋ ሳትብስ ይወጣል። ስለዚህ ባልባላ የሚያድረው ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሰዓት ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ የአምቡሊን ወንዝ መሻገር አለበት። ወንዝ ስላችሁ ውሃ ያለው እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሲሞላ ግን አያድርስ! በፈረንጆቹ 2004 ሚያዝያ ላይ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰው ፈጅቷል።

መኪና ሁሉ ወደ ድልድዩ ሲጠብብ ሚኒባሱ በአሸዋው ጠርዝ ይቀድማል፣ አረንጓዴና ነጭ የተቀባው ታክሲ በሚኒባሱ ላይ ይደርባል፣ ሁሉም ክላክስ ያደርጋል። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ በቅርቡ የመጣው ወጣት ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር የትራፊክ መብራት የለም እንዴ?» አለኝ። እኛ በምንሄድበት መንገድ የሚያስቆመን አደባባይ ነው፤ መብራት አይደለም። ይህን ስነግረው በጣም አዘነልኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ልጁ አልተወኝም። መብራት ቢኖር ሥርዓት ይይዝ ነበር ይላል። መስቀል አደባባይን አስታወስኩት። ከመታደሱ በፊት ከየአቅጣጫው የሚመጣው መኪና፣ እግረኛውም መሀል ገብቶ፣ ያለ መብራት እየተያየ ሲተላለፍ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ፈረንጆቹ እየሳቁ አዩት። እኔ ግን ያን ቪዲዮ ባየሁት ቁጥር የሚገርመኝ ትርምሱ አይደለም። የሚገርመኝ ሁሉም ሳይጋጭ ማለፉ ነው። ማንም ፈጥኖ አይነዳም፤ ሙሉ በሙሉ የሚቆምም የለም። የሾፌሩ ዓይን የሌላውን ጎማ ነው የሚያየው።

መብራት ራሱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ልብ የሚል ሾፌር ጥቂት ነው። አረንጓዴው ሲበራ የፊተኛው ሾፌር እግሩን ከፍሬን አንስቶ እስኪንቀሳቀስ ጥቂት ሰከንድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከኋላው የተሰለፉት 2 ሰከንድ ገደማ እየተራራቁ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ አሥረኛ ላይ የቆመ ሰው ክላክሱን ቢያቀልጠውም ከ20 ሰከንድ በፊት መስመሩን አይረግጥም። ክላክስ ይህን ሒሳብ ለውጦት አያውቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ፈረንሳይኛው የሰላ አንድ የቢሮ ጓደኛችን ክርክራችንን ሰምቶ ኖሮ ስልኩን አውጥቶ የክሎድ ለሉሽን አጭር ፊልም አሳየን። በፈረንጆቹ 1976 ነሐሴ ላይ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ፓሪስን በ8 ደቂቃ ከምናምን ሰንጥቆ የሚያቋርጥ መኪና ነው። ካሜራው የታሰረው መኪናው ፊት ላይ ስለሆነ ሾፌሩ አይታይም፤ መንገዱ ብቻ ወደ ተመልካቹ ይሮጣል። ቀይ መብራት ይጥሳል፣ እግረኛ ያስደነግጣል፣ እርግቦች ያስነሳል፣ መጨረሻው ሞንማርትር ኮረብታ ላይ ሳክረ ክር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። እዚያ አንዲት ሴት ትጠብቀዋለች።

ወጣቱ አፉን ከፍቶ አየ። እኔ ሁለት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ያ የሚያጓራው የሞተር ድምፅ ኋላ የተጨመረ የፌራሪ ድምፅ ነው፤ ካሜራውን የተሸከመው መርሴዲስ ነበር። ሁለተኛ፣ ነሐሴ ላይ ፓሪሳዊ ከተማ ውስጥ አይገኝም፤ እረፍት ወጥቷል። እንግዲህ ባዶ ከተማ ውስጥ ገና ጎህ ሲቀድ መፍጠን ምን ጀግንነት አለው? እኔም በረመዳን የማግሪብ አዛን ሲሰማ ቡልቫር ደ ጎልን ብቻዬን ነድቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ቴምሩን አፉ ላይ ሲያደርግ ከተማዋ ለሩብ ሰዓት ያህል የእኔ ትሆናለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዕረፍት ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ስለዚሁ ነገር አሰብኩ። በፈረንጆቹ 2016 ኒውዮርክ ላይ አንድ ሾፌር በሌሊት ማንሃተንን ሲያቋርጥ ከ200 በላይ መብራት ተከታትሎ አረንጓዴ ሆኖለት እንዳለፈ በዜና ሰምተን ነበር። የሰማ ሁሉ ሰውዬው የበረረ መሰለው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከተማዋ በ2014 መጨረሻ ላይ መደበኛውን የፍጥነት ወሰን ወደ 25 ማይል አውርዳዋለች፤ በእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መብራቶቹ ደግሞ ተራ በተራ እንዲበሩ ተደርገው ተቀናብረዋል። ሾፌሩ ያደረገው ያን ቅንብር ማወቅና አለመፍጠን ነው።

ባለሙያዎቹ አረንጓዴ ማዕበል ይሉታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ በ1917 ስድስት መስቀለኛ መንገዶችን በአንድ ላይ አገናኝታ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለት መብራቶች መሀል 400 ሜትር ቢኖር፣ በሰዓት 40 የሚነዳ ሰው በ36 ሰከንድ ይደርሳል። ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ እንዲሆን ይደረጋል። በ80 የተፈተለከው በ18 ሰከንድ ደርሶ 18 ሰከንድ ቀይ ላይ ቆሞ ያፈጣል፤ ያ ቀርፋፋ ያለው ሰው ፍሬን ሳይነካ አጠገቡ ይደርሳል። ኮፐንሃገን ይህንኑ ለብስክሌተኛ አድርጋዋለች፤ ኖሬብሮ በሚባለው ሰፈር አውራ ጎዳና በ20 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው አረንጓዴ እየተቀበለ ያልፋል።

የእኔን መንገድም አሰላሁት። ከዋራበሌ እስከ መሥሪያ ቤቴ ጋዝ ሊረገጥ የሚችልበት ግልጽ መንገድ ተደማምሮ ቢበዛ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ40 ሲነዱት አራት ደቂቃ ተኩል፣ በ80 ሁለት ደቂቃ ከሩብ ይፈጃል። ሕይወትን አሲዞ የሚገኘው ትርፍ ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው፤ እሱንም ድልድዩ ላይ ያለው ሰልፍ ይበላዋል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ዛሬ ባልደረባዬን ጉዳይ ለመጨረስ ወደ መሀል ከተማ ይዤው ሄድኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ደረስን። ሙቀቱ አስፋልቱን ሊያቀልጠው ደርሷል። «አሁን ዝም ብለህ እይ» አልኩት።

መጀመሪያ የተለወጠው ሰዉ ነው። ግድግዳ ጥላ ስር የተጋደሙት ተነሡ። ጫት ሻጮቹ ሴቶች ከየጠረጴዛቸው ላይ ያለውን እርጥብ ጨርቅ እንደገና ውሃ ነክረው ጨመቁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ባለሱቅ ብቅ ብሎ መንገዱን አየ። አንድ ሚኒባስ ያለ ምንም ምክንያት ጥግ ያዘ። ከዚያ ከሩቅ የማያቋርጥ ክላክስ ተሰማ። የፊት መብራቱን በጠራራ ፀሐይ ያበራ ፒካፕ መጣ፤ ኋላው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጫት እስከ አፍ ገደፉ ተጭኖ፣ ከላይ ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ቆመዋል። አደባባዩ ላይ ደርሶ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ትራፊኩ እጁን አንሥቶ እኛን አስቆመን። ታክሲው ቆመ፣ ጋሪው ቆመ፣ ወሪያ እየተባባለ የሚጠራራው ሁሉ ዝም አለ። መኪናው ገና ሳይቆም ጎረምሶቹ ጥቅሉን ለየባለቤቱ መወርወር ጀመሩ፤ እያንዳንዷ ሻጭ የራሷን ጥቅል ከሩቅ ታውቀዋለች። ከመቅጽበት ሁሉ ነገር አለቀ፤ መኪናው ወደሚቀጥለው ሰፈር ነጎደ።

ልጁ፣ «ባለሥልጣን ነው እንዴ ያለፈው?» አለኝ።

«ከዚያ ይበልጣል» አልኩት።

ለዚህ ችኮላ ምክንያት አለው። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜው ሁለት ቀን ቢሆን ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይሞታል። ጅቡቲ ላይ የሚቃመው ከእኛ አገር ከሐረርጌ ነው፤ አወዳይ ገበያ ታስሮ፣ በድሬዳዋ በኩል በአውሮፕላንም በመኪናም ሲገባ ኖሯል። ትናንት ማታ ሐረርጌ ላይ የተቆረጠው ዛሬ ቀትር ላይ እዚህ ካልደረሰ ሻጯ ትከስራለች፣ ቃሚው ያብዳል፣ መንግሥትም ቀረጡ ይጓደልበታል። በዚህ ሰዓት ከተማዋ ውስጥ ጫት እንዳይዘገይ የማይፈልግ ሰው የለም። መንገዱ የሚከፈተው ሾፌሩ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ሁሉም ስለሚለቅለት ነው። ከተማ ውስጥ መፍጠን የሞተር ጉዳይ እንዳልሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ትናንት የጻፍኩት አላስተኛኝም። ዛሬ ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ አቅራቢያ አንድ አምቡላንስ ሳይረኑን እያስጮኸ ሰልፉ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። እኔ ወደ ጥግ ወጣሁ፣ ፊቴ ያለውም ወጣ፤ ሌላው ግን አልነቃነቅ አለ። እንዲያውም አንድ ቶዮታ አምቡላንሱ በከፈተው ቀዳዳ ከኋላ ተከትሎ ሾልኮ ገባ። ያው ትናንት ለጫት መኪና ጥግ የያዘው ሕዝብ ነው። መንገድ መልቀቅ አያውቅም እንዳይባል፣ በየቀኑ ቀትር ላይ ያለ አስተማሪ ይለማመደዋል። አሳፋሪ ነው፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሰነድ ላደርስ ከባድ መኪኖች ተራ ወደሚጠብቁበት ፒኬ 12 ሄድኩ። የእኛ ተሳቢዎች ግራና ቀኙን ሞልተውታል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በዚህች አገር በኩል ነው የሚያልፈው፤ ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ በከባድ መኪና ጥላ ውስጥ ቆሞ ማየት ሌላ። አንድ ሸምገል ያሉ ሾፌር ከተሳቢው ስር ሰሌን ዘርግተው፣ ረዳታቸው ቡና ያፈላል። ከአዲስ አበባ በጋላፊ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው መምጣታቸው ነው።

«ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደርሰናል ልጄ። ና ቡና ጠጣ።»

ስለ ፍጥነት አነሣሁባቸው። ሳቁ። «አየህ፣ ወጣቱ ሾፌር ሚሌ ላይ ይቀድመኛል፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ይዞ አገኘዋለሁ። እንደገና ዲኪል ላይ ይቀድመኛል፣ እዚህ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሁለታችንም ተራችን ሲደርስ ነው የምንጭነው።» ረዳቱ ስኒውን እያቀበለኝ፣ «እሱ ግን ቀድሞ ይተኛል» አለ። ሽማግሌው አልመለሱለትም።

ሾፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ስለሆነ የወጣቱ ችኮላ ይገባኛል። ዶራሌ ወደብ ያለው ወረፋ ግን ከሾፌሩ እግር ሥር አይደለም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

የጅቡቲ የነጻነት ቀን ነው፤ ከፈረንጆቹ 1977 ወዲህ 48 ዓመት። ባንዲራው በየበረንዳው ወጥቷል። ሌሊቱን ባልባላ ሲዘፈን አደረ፤ መኪኖች እስከ ንጋት ክላክስ እያሰሙ ዞሩ።

ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የድሮውን ነገሩኝ። በፈረንጆቹ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ሲጎበኙ ከተነሣው ተቃውሞ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን ዙሪያዋን በሽቦ አጥር አጠሯት፤ ፈንጂም ቀበሩበት። መግባት የሚቻለው በኬላ ብቻ ሆነ። ባልባላ እንግዲህ ከዚያ ሽቦ ውጭ፣ ማለፍ የተከለከለው ሰው እየተከማቸ ያደገ ሰፈር ነው። ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ቁልቁለቱ አሳዩኝና፣ «ያኔ እዚያ ጋ ያስቆሙን ነበር። የማይበራ ቀይ መብራት በለው» አሉ። ያ ኬላ ከቆመበት አቅጣጫ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ክላክስ እያደረግን እንወርዳለን። ሽማግሌው እንደሚሉት ከሆነ ልጅ ሳሉ ይህን መንገድ በነጻ መውረድ ብቻውን ፍጥነት ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ባልደረባዬ አሁን መሪ ይዟል። ከዋራበሌ ተነሥተን እስከ ቢሮ እሱ ነዳ። አደባባይ ላይ ውስጥ ላለው መኪና መልቀቅ ለምዷል፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ድልድዩ ላይ ከኋላ ለሚያንባርቀው ታክሲ ግን አሁንም አንገቱን አውጥቶ ይመልሳል። ይህንንም ይተወዋል።

ይህን ማስታወሻ የምታነቡ ወደ ጅቡቲ የምትወርዱ ሾፌሮች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መሀል ከተማ ጉዳይ ካላችሁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሳችሁ ውጡ፤ ወይም ስምንት ሰዓት ይለፍ። የጫቱ መኪና ሲመጣ ቀኛችሁን ይዛችሁ ቁሙ፣ አትፎካከሩት። ሳይረን ስትሰሙ ደግሞ ለጫቱ መኪና ከለቀቃችሁት የበለጠ መንገድ ልቀቁ፤ ከኋላው ተከትላችሁም አትሹለኩ።