ከመፈረማችን በፊት ውኃውን እንወቀው



የፔሳሕ በዓል አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወይም ከማትናስ አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ስለ ሰሜን ጉዞና በዮርዳኖስ ወንዝ ላይ ስለሚደረግ የካያክ ቀዘፋ በዕብራይስጥ ይገልጻል፤ ከሥሩም ወላጅ የሚፈርምበት መስመር አለው። በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ከቤተሰቦች ጋር የምንሠራ ማኅበራዊ ሠራተኞች ይህች አንዲት ወረቀት በየቤቱ የምታስነሣውን ጭቅጭቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ በዚህ እትም ስለዚሁ ጉዳይ ልንጽፍ ወደድን።

ካያክ ማለት አንድ ወይም ሁለት ሰው ተቀምጦበት፣ ሁለቱም ጫፎቹ ሰፋ ባሉ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ የሚሄድበት ጠባብ ጀልባ ነው። ከደንቢያና ከጣና ዙሪያ የመጡ ሽማግሌዎቻችን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በጣና ላይ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተቀምጦ፣ በረጅም እንጨት ግራና ቀኝ እየቀዘፈ እህልና ማገዶ ወደ ገበያ ያደርስ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። በዮርዳኖስ ላይ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአየር የተነፋ የጎማ ጀልባ ነው። የቀዘፋው ዘዴ ግን ተመሳሳይ ነው።

ታዲያ ወላጆች የሚፈሩት ለምንድን ነው? ይህን ፍርሃት «ኋላ ቀርነት» ብለው የሚያልፉት ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ በዚህ አንስማማም። በአገራችን ሳለን መንደራችን ወንዝ አጠገብ ነበር፤ እናቶቻችን ከመርገም ጎጆ ሲወጡ የሚነጹት በወንዝ ውኃ ነበር። ወንዙን በስሙ፣ መሻገሪያውን በቦታው፣ ደራሽ ውኃ የሚመጣበትንም ወራት እናውቅ ነበር። በ1980ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በሱዳን በኩል የተጓዙት ደግሞ ወንዝን በሌሊት፣ ልጅ በጀርባቸው አዝለው ተሻግረዋል። በዚያ መንገድና በስደተኛ ሰፈሮቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። እንግዲህ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የምትል እናት ያየችውን ነው የምትናገረው። ያን ወንዝ ታውቀዋለች፤ ይህን ግን ማንም አላሳያትም።

ነገሩ ከውኃ ያለፈ መሆኑን ያስተማረን አንድ ቤተሰብ አለ። የ13 ዓመት ልጅ ወረቀቱን ለአባቱ ሲያነብላቸው «የሙዚየም ጉብኝት ነው» አላቸው። አባት ፈረሙ። ልጁ ማታ እርጥብ ልብስ በላስቲክ ይዞ ሲመለስ ነገሩ ታወቀ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነጋግራቸው ልጁ፣ «ብነግረው አይፈርምም ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ሲሄድ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ» አለ። አባትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ የከፋኝ በውኃው አይደለም። በዚህ አገር ዓይኔ እሱ ነበር፤ ዓይኔ ዋሸኝ» አሉ።

በሚቀጥለው የቤተሰብ ጉዞ እኚህን አባት አብረውን እንዲሄዱ ለመንናቸው። ወንዙ ዳር ቆመው ጥልቀቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ አንድ ጀልባ ቢገለበጥ ከኋላ ማን እንደሚመጣ አስጎብኚውን በእኛ በኩል ጠየቁ። አንድም ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። ጀልባው ላይ አልወጡም። በአውቶቡስ ወደ መውረጃው ቀድመው ሄደው ልጆቹ ሲደርሱ አንድ በአንድ ቆጠሩና «ሞልተዋል» አሉ። ልጁም የመጀመሪያውን ደረቅ ፎጣ ከአባቱ እጅ ተቀበለ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንምጣ። ለቤተሰብና ለጀማሪ የሚስማማው በላይኛው ገሊላ፣ በክፋር ብሉምና በሃጎሽሪም አካባቢ ያለው ነው። ውኃው ከሕርሞን ተራራ ሥር ስለሚመነጭ በሙቀቱ ወራትም ቀዝቃዛ ነው። ለቤተሰብ የተመደበ አጭር መስመርና ለበረቱት ረጅም መስመር አለ፤ ስትመዘገቡ የትኛው እንደሆነ ለዩ። መንገዱ ከቂርያት ማላኪ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በቡድን መሄድ ይሻላል። ከ2023 ጀምሮ በነበረው ጦርነት በሰሜን ብዙ ቦታዎች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ስለነበር አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከብኖት ያዕቆብ ድልድይ በታች ያለው ዮርዳኖስ ግን ሌላ ነው፤ በድንጋይ መሐል እየተወረወረ የሚወርድ ኃይለኛ ውኃ ስለሆነ ለሕፃናትና ለጀማሪ አይሆንም።

ኪኔሬት ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። በሙቀቱ ወራት ግን ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሣል፤ ቀላል ጀልባንና የአየር ፍራሽን ወደ መሐል ይገፋል። ስለዚህ እዚያ የሚቀዝፍ በጠዋት ይቅዘፍ።

በቅርባችን ያለው ባሕሩ ነው፤ ለቂርያት ማላኪ አሽዶድ፣ ለያቭኔ ፓልማሒም። በባሕር ላይ ካያክ ዋና ለሚያውቅና ከአሠልጣኝ ጋር ለሚወጣ ብቻ ነው። በዋና ቦታ ነጭ ባንዲራ ሲሰቀል መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደጋ አለ ማለት ነው፣ ጥቁር ደግሞ ክልክል ነው። በቴል አቪቭ ያርኮን ወንዝ ላይ በጀልባ መቅዘፍ የተለመደ ነው፤ ውኃው ግን አይዋኙበትም። በጁላይ 1997 በመካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ዕለት በያርኮን ላይ የተሠራው ድልድይ ተደርምሶ 4 የአውስትራሊያ ስፖርተኞች ሞተዋል። ከእነርሱ ሦስቱን የገደላቸው የተበከለው ውኃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ለማጽዳት ብዙ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም።

ወላጆች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። የትኛው ወንዝ፣ የትኛው መስመር ነው? ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይሰጣል ወይ? ዋና የማያውቅ ልጅ ከማን ጋር ይቀመጣል? የአየሩ ሁኔታ ቢበላሽ ጉዞውን የሚሰርዘው ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዋዛ አይደለም። በኤፕሪል 2018 የዝናብ ማስጠንቀቂያ እያለ ወደ ነሐል ጻፊት ከሄዱት ወጣቶች 10ሩ በደራሽ ውኃ አልቀዋል። የጠየቀ ወላጅ አዋኪ አይደለም፤ መልስ ማግኘት መብቱ ነው። መልሱ ካላረካችሁ አለመፈረምም መብታችሁ ነው። ነገር ግን ሳትጠይቁ አትከልክሉ። ሳትጠይቁም አትፈርሙ።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ሚካኤል ኮልጋኖቭ በታሽኬንት ተወልዶ በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል የመጣ ስደተኛ ነው። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በካያክ ለእስራኤል የነሐስ ሜዳልያ አምጥቷል። ቀዘፋ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። ነገር ግን ወላጅን በማታለል አይጀመርም። ወረቀቱን እንዳለ አንብቡላቸው፤ ከባድ ቃል ካጋጠማችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጠን እናነበዋለን።

ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችን ዋና ይማሩ። ማትናሶቻችንም በሚቀጥለው ጉዞ ለወላጆች ጥቂት መቀመጫ እንዲተዉ እንጠይቃለን። በጣና ላይ የቀዘፉ ሽማግሌዎች በመካከላችን ሳሉ፣ ልጆቻችን ስለ ጀልባ ከእንግዳ ሰው ብቻ መማር የለባቸውም።