ባንኮ ጎቲቲ፦ ከክትባት ሣጥን ጋር የመጣ ደብዳቤ

ከዲላ ተነስታችሁ ይርጋ ጨፌን አልፋችሁ በጨለለቅቱ በኩል ወደ ገደብ ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ባንኮ ጎቲቲ እዚያ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ስሄድ ቡናው ገና እየተለቀመ ነበር። ከላይ ብሳናና ብርብራ፣ ከሥር እንሰት፣ በመሃል ቡና። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን አብሮ ማብቀል አይቶ ነው። የእኔ ጉዞ ግን ስለ ቡና አልነበረም።

በደርግ ዘመን ማብቂያ፣ ገደብ ገና የኮቸሬ ወረዳ ሳለ፣ በዚያ አካባቢ በአንዲት ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠሩ ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን ፖስታ በር አንኳኩቶ አይመጣም፤ ሣጥን ያለው ሰው ይቀበላል። የገበሬ እናት ሣጥን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ልጆቹ በትምህርት ቤት፣ በገበሬ ማኅበር ወይም በእኛ ክሊኒክ በኩል ይጽፉ ነበር። ክትባት ለማምጣት በረዶ ሣጥን ተሸክሞ ዲላ የሚወርደው ሠራተኛችን ሲመለስ ደብዳቤውንም ይዞ ይመጣል። እውነቱን ልናገርና፣ ብዙ እናቶች ሕፃን አዝለው የሚመጡት ለክትባቱ ሳይሆን ለደብዳቤው ነበር። እኛም በዚያው እንከትባለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች በፓሲፊክ ደሴቶች ለሚዋጉ ወታደሮቻቸው ደብዳቤን በትንሽ ፊልም እያነሱ ይልኩ እንደነበር አንብቤአለሁ። 37 ከረጢት ሙሉ ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ይገባ ነበር አሉ። የእኛ ፖስታ ከረጢት የሠራተኛችን ኮት ኪስ ነበር።

የማነበውም እኔ ነበርኩ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦፋ ስለነበረ፣ ያኔም የሚጻፈው በፊደል ስለነበረ፣ አንዳንዱ ልጅ ለእናቱ በቋንቋዋ ይጽፋል። እኔ ጌዴኦፋ ከሰላምታ አላልፍም። ፊደሉን ግን አነባለሁ። ሳይገባኝ እያነበብኩ እናትየው ፊቴ ትስቃለች፣ ወይም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። ምን እንዳልኩ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከጎቲቲ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ በየገበያው ቀን እየመጣች «ልጄ፣ የለም?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ። መጋቢት ላይ የኩፍኝ መዝገቡን ስጨርስ ከገጾቹ መሃል ፖስታ ወደቀ። የእሷ ነው። ወረርሽኙ በበዛበት ሰሞን ተቀብዬ፣ ወረቀት ብፈልግ ፖስታው ላይ የሕፃናቱን ቁጥር በሰረዝ በሰረዝ ቆጥሬበት፣ ዘግቼበት ኖሯል። ሦስት ወር። አስጠርቼ አነበብኩላት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ፖስታውን አጥፋ ወሰደች። በዚያው ዓመት ተዛወርኩ።

ቤቱን ያሳዩኝ በቡና ማጠቢያው ያሉ ሠራተኞች ናቸው። እናትየው አርፋለች። ታናሽ ልጇ፣ አሁን ሽበት የወረሰው ሰው፣ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ቆጮና ጎመን ቀረበ፣ ቡናም ተቆላ። ደብዳቤዎቹ በቀርከሃ ውስጥ ጣሪያ ሥር ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ተፈናቃዮች ወደ ጎቲቲ ሲጎርፉ ሦስት ቤተሰብ አስጠግተው በነበረበት ጊዜም ከዚያ አልተነሱም። አምስት ናቸው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጁ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። የቦታ ስም የለም፤ ወታደር ቦታ አይጽፍም። «ዙሪያችን ባሕር ነው፣ የምንጠጣውን ግን ጀልባ ነው የሚያመጣልን» ይላል አንዱ። በኋላ አንድ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ስጠይቅ ከዳህላክ ደሴቶች ኖኩራ ሳይሆን አይቀርም አለኝ፤ በጣሊያን ጊዜ እስር ቤት፣ በደርግ ጊዜ የሶቭየት መርከቦች ማረፊያ የነበረች፣ ዛፍ የማይታይባት። ከእንሰት ሥር ያደገ ልጅ!

አምስተኛው የእኔ ነው። ሰማያዊ ሰረዞቼ ፖስታው ላይ አሉ። ልጅቱ አነበበች፦ ለጥምቀት ፈቃድ ይሰጡኛል ብለዋል፣ ጎቲቲ ለመድረስ ቀኑ አይበቃኝም፣ ዲላ መናኸሪያ ጠብቂኝ።

ያን ቃል በራሴ አፍ አንብቤዋለሁ። መጋቢት ላይ። ምጽዋ በየካቲት ተይዛ ነበር።

«ፖስታው እኔ ጋ ነበር የቆየው» አልኩት።

«እናውቃለን፣ ሲስተር» አለኝ። «ሰረዙን አይታ እናቴ ያኔውኑ አውቃለች። የሕፃናት ቁጥር ነው፣ ሥራ በዝቶባት ነው አለች። በማግስቱ በቡና መኪና ዲላ ወርዳ መናኸሪያው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ወንድሜን ያየ ሰው አለ ወይ ብላ ሾፌሮቹን ስትጠይቅ ከረመች።»

«ያየ ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱ ደብዳቤዎቹን መልሳ ቀርከሃው ውስጥ ከተተች፣ እኔም ሁለተኛውን ስኒ ተቀበልኩ።