«ማል ታቴ?»

በመሰላ «ከሳችሁ» ማለት ሙገሳ ሆኖ አያውቅም። 1977ን ያዩ ሽማግሌዎች አሉ። የ2008ቱ ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ሲመታ ደግሞ እኛም ልጆች ሆነን አይተነዋል፤ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፣ ሰውና ከብት እኩል መነመነ። እንዲህ ባለ አገር ወዶ የሚከሳ ሰው አለ ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

እኛ ግን ወደን ከሳን። ሦስት ነን፤ ያገር ልጆች፣ ያንድ መኝታ ክፍል ነዋሪዎች። የግቢ ኑሮ ከፓስቲ፣ ከቦምቦሊኖና ከለስላሳ ጋር አዛምዶን ቦርጭ ቢጤ ብቅ ብሎ ነበር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ምክር በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይመረጣል ይላል። እኛ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ነበር የምንጠጣው፣ ሻዩን ሳይቆጥሩ! ተውነው። በምትኩ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ሽሮ ሆነ። በወሩ ቀበቷችን ሁለት ቀዳዳ ገባ።

ነገሩ ተአምር የለውም። ሰውነት የስኳር ስንቁን በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ከውሃ ጋር ነው፤ ለአንድ ግራም ስንቅ 3 ግራም ያህል ውሃ። ስንቁ ሲጎድል ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ከሚወርደው ኪሎ ብዙው ስብ አይደለም። ከዚያ በኋላ በሳምንት ግማሽ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው ጤናማው። የሁለታችን እንደዚያው ሆነ። የሦስተኛው ግን አልቆም አለ።

ግቢው አደነቀው። «አንተማ ተሳካልህ!» ተባለ። ሌሊት ሦስት አራቴ ተነስቶ ውሃ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። እሱ እንደሆነ «አመጋገቡ ውሃ ይፈልጋል» ባይ ነው።

ለእረፍት በጭሮ በኩል አድርገን መሰላ ገባን። እናቱ ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱት በኦሮምኛ «ማል ታቴ?» አሉት፤ ምን ሆንክ? መጀመሪያ የጠረጠሩት ጫት ነበር። ጫት ምግብ ይዘጋላ፣ በኛ አገር የከሳ ጎረምሳ ሲታይ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ማለ። ስለ ለስላሳውና ስለ ጎመኑ ብናስረዳቸው፣ «እናንተም ያንኑ አይደል የበላችሁት? ታዲያ የናንተ ፊት ወዝ አለው» አሉን። ለዚህ የሚሆን መልስ ከየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ከጣቱ ጫፍ ደም ተቀድቶ ሲታይ ስኳሩ ከ400 በላይ ነበር። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስኳር ደሙ ውስጥ ሞልቶ እያለ ይራባል፤ የገዛ ስቡንና ሥጋውን ይበላል። ግቢው ያጨበጨበለት ክሳት ይህ ኖሯል።

አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋል። ጎመኑንም አልተወ። ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስለሌለ፣ ለእረፍት ሲመጣ እናቱ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ትንሽ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጡታል። ገንቦው ጥላ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ነው፤ ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፈክፉበታል።