ደንገጎን ለመውረድ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርዝመቱ ብዙ አይደለም፤ ቁመቱ ግን ብዙ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ መንገዱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ የሐረማያን ሜዳ ሲረግጥ 2,000 ሜትር ይጠጋል። የባቡር ሐዲድ ዘርጊዎች ሐረርን ወደ ጎን ትተው በቆላው ያለፉት ይህንኑ ተራራ አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ስፍራ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። የዛሬዪቱ ድሬዳዋ የተወለደችው ተሽከርካሪ አቀበት ስለ ፈራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የአምዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ወዴት ያመራል?» ሳይል አይቀርም። የማወጋው ይህን ተራራ ወጥታ መውረድ ስለ ነበረባት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ነው።

መኪናዋ በከዚራ ሠፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ኮምቢ ናት። በውስጧ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን፣ የእጅ መታጠቢያና ወደ ላይ የሚነሣ የሸራ ጣሪያ አላት፤ በአጭሩ ጎማ ያላት ቤት ናት። ባለቤቷ የነበሩት የምድር ባቡር ሠራተኛ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ገዝተዋት፣ እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ከድሬዳዋ ሙቀት ወደ ሐረማያ ነፋሻ አየር ያወጡባት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ቁልፏን ያነሣ አልነበረም።

ልጃቸው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ለግዳጅ ወደ ሩቅ ሲሄድ አንድ አደራ ሰጠኝ። እናቱ እማማ ባለፈው ዓመት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ተጠግኗል፤ ሆኖም ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ አይችሉም። ታላቅ እኅታቸው ደግሞ በሐረር ጁገል ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። ሁለቱ እኅትማማቾች ከተያዩ ሁለት ዓመት አልፏል። በአውቶቡስ የማይቻለው በዚህች መኪና ይቻላል፤ አልጋ አላትና። እኔም በወጣት መኮንን ድፍረት «በሁለት ሳምንት አደርስልሃለሁ» አልሁት።

ሥራውን የያዙልን በጡረታ ላይ የሚገኙ የቀድሞ የሠራዊቱ መካኒክ፣ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ቀን ቁልፉን ላዞር ስል እጄን ያዙኝ። ለዓመታት የቆመ ሞተር በባትሪ ጉልበት ቢገደድ፣ የደረቀው ሲሊንደር ይፋቃል። ካንዴላዎቹን ፈቱ፤ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው አሳደሩት፤ በማግሥቱም ሞተሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ዞረ! የነዳጁ ነገር ግን የከፋ ነበር። የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የቤንዚን መያዣውም ውስጡ ዝጎ ነበር። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ ሞተሩ ካልወረደ መያዣው አይወጣም። ሞተሩን በክሪክ ደግፈን አወረድነው።

በመውረዱም ዳንን። የቮልስዋገን ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚበርደው ማራገቢያው በላሜራ ሽፋን ውስጥ በሚነዳው ነፋስ ነው። ሽፋኑን ስንከፍት አይጦች በሲሊንደሮቹ መካከል ጎጇቸውን ሠርተው አገኘን። እንዲሁ ብንነሣ ደንገጎ አጋማሽ ላይ ሞተሩ በተቃጠለ ነበር። ከጎጇው መካከል የተቀዳደደ የደብተር ወረቀት ወጣ፤ የባልደረባዬ የልጅነት የቃል ጽሕፈት ነበር። ከአሥር አራት አግኝቷል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት፤ ሲመለስ የምለው አለኝ።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ ሲነኩ ይፈረካከሱ ስለ ነበር ሁሉም ተለወጡ። የዚህ ሞተር አካል ማግኒዥየም ያለበት ስለ ሆነ አንዴ እሳት ከያዘው ማጥፋቱ ያስቸግራል። ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ተጨመረ። የጎማዎቹ ጥርስ ገና ሳይነካ ጎናቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ስለ ተገኘ፣ ጎሚስታው ያለ ክርክር አወለቃቸው። ብል የበላውን የጣሪያ ሸራ በቀፊራ ገበያ አንድ ልብስ ሰፊ አዲስ አድርጎ ሰፋው።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ተነሣ። ሴቶች እልል አሉ፤ እማማ በምርኩዝ እስከ ደጅ ወጡ። እኔም «እንግዲህ ቅዳሜ እንነሣለን!» ብዬ አወጅሁ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«መቶ አለቃ፣ መሄድን ተማረች እንጂ መቆምን ገና አልተማረችም» አሉኝ።

ፍሬኑን ረግጬ እንዳየሁትና ጠንካራ እንደ ሆነ ተከራከርሁ። መልስ ሳይሰጡኝ የኋላውን ጎማ ፈቱና ታምቡሩን አወለቁ። የፍሬን ዘይት በዓመታት ውስጥ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ብረቱን ያዝጋል። በጎማው ውስጥ ፍሬን ሸራውን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር ከነፒስተኑ አንድ ብረት ሆኗል። የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። የፊቶቹ ቱቦዎች ደግሞ ውስጣቸው አብጦ ተደፍኗል። እግሬ ሥር የተሰማኝ ጥንካሬ የፍሬን ሳይሆን የመዘጋት ጥንካሬ ነበር። በዚያ ቅዳሜ እማማን አስተኝቼ ልነዳ የነበረው ይህችን ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ታምቡሮቹም ቶርኖ ቤት እስኪስተካከሉ አምስት ሳምንት ፈጀ። ከሁሉ የከበዱኝ እነዚያ ሳምንታት ናቸው። ከሐረር የሚደወለው ስልክ ጥሩ ወሬ አያመጣም ነበር፤ ታላቂቱ እኅት እህል መቅመስ ትተዋል። በየምሽቱ ወደ እማማ ዘንድ እየሄድሁ የዕለቱን ሪፖርት አቀርባለሁ። ከመስማት ብዛት የዕቃዎቹን ስም ሁሉ አጥንተው፣ «ዛሬስ ማስተር ሲሊንደሩ ደረሰ?» ይሉኝ ጀመር። አንድ ምሽት አልቻልሁም። «እማማ፣ ለመውጣቱ ብዙ ፍሬን አያስፈልግም፤ እንውጣና መኪናዋ ዕቃው እስኪመጣ እዚያው ትቆይ» አልሁ። ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጋሼህን ጠይቀሃል?»

አልጠየቅሁም ነበር። መልሳቸውን አውቀው ነበርና።

በመጋቢት አጋማሽ ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎዋን ለጠፍን። በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ተነሣን። እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ተጋደሙ፤ ጋሼ ከጎኔ ተቀመጡ። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። በየጠመዝማዛው ኮፈናቸውን ከፍተው ውኃ የሚያጠጡ የጭነት መኪናዎች አለፍን። ድሬዳዋ ከበታቻችን በጭጋግ ውስጥ ቀረች፤ አየሩም ቀዘቀዘ። በሐረማያ ቆመን ቡና አፈላን። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ዳግም ውኃ ይዞ አየነው። የመኪናዋን የጋዝ ምድጃ አስቀድመን አውጥተን ስለ ነበር ከሰሉን ውጭ፣ ከመኪናዋ ራቅ አድርገን አነደድን። እማማ ባለቤታቸው መኪናዋን ያቆሙበት የነበረውን ቦታ በጣታቸው አሳዩን። የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር በዝግታ አልፈን ሐረር ገባን።

መኪና ፈረስ መጋላ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የጁገል ቀጫጭን መንገድ የእግረኛ ነው። እማማን በወንበር ተሸክመን በመኪና ግርግር ወረድን። የዚህ መንገድ ስም ከእኛ ዓይነት መኪና ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ የመጣ ነው። ሰፊዎቹ ሥራቸውን አቁመው መንገድ ለቀቁልን።

ታላቂቱ እኅት ዐይናቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ዘገየሽ» አሉ።

«ፍሬን አልነበረንም» አሉ እማማ። ሌላ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም፤ ወጥተን በሩን ዘጋንላቸው። ወደ ማታ ገደማ ግን ታላቂቱ ጥቂት የአጥሚት ጉርሻ ከእኅታቸው እጅ መቀበላቸውን ነገሩን።

በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ቁልቁለቱን በወጣንበት ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘን ወረድን። አጋማሽ ላይ ጋሼ «ዳር ያዙ» አሉኝ። ወርደው በየጎማው አጠገብ መዳፋቸውን አስጠጉ። የቀኝ ኋለኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይግል ነበር፤ ፍሬን ሸራው በጥቂቱ ተጣብቋል። እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን፤ ከዚያም በመፍቻ አላሉት። በዚያ መካከል ድንጋይ የጫነ የጭነት መኪና እየጮኸ በአጠገባችን ወረደ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሸራ ሽታው ከአለፈ በኋላም ቆየ። ጋሼ ሽታውን ተከትለው ወደ ታች አዩ እንጂ ምንም አልተናገሩም።

የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ከዚራ ስንገባ እማማ ከአልጋው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ለፋሲካ እንመለሳለን ብያታለሁ።»

ጋሼ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ የመስታወት መጥረጊያ፣ የኋላ መስኮት ጎማ፣ የቀኝ ኋለኛው ጎማ የፍሬን ሸራ መመለሻ ሞላ። ፋሲካ አራት ሳምንት ቀርቶታል።