ሕፃኑ ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ይበቃዋል?



የበኩር ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ዲላ ላይ ምክር አይጠፋም። ጎረቤት «የሌሊት ወፍ ነክቶት ነው» አለች፤ እናቴ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁት» አለች። እኔም ሕፃን ይዘው መስጂድ ለሚመጡ አባቶች የምመክረው ይህንኑ ነበር። ቁርኣን ቀራሁለት፣ መስኮት ሥር አስተኛነው። የዲላን ደመና ታውቁታላችሁ።

በአራተኛው ቀን ጡት እንቢ አለ። እንቅልፍ ሲያበዛ «ጨዋ ልጅ» እያልን ደስ ብሎን ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለን። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ግንባሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፣ ከዚያ እግሩን ገልጣ አየች። እስከ ውስጥ እግሩ ቢጫ ነበር። ወዲያው ደሙ ተመረመረ።

ቢጫው ቢሊሩቢን ይባላል፤ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚፈጠር ነው። የጨቅላ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። በብዙ ሕፃናት ላይ ይታያል፣ አብዛኞቹም ያለ ሕክምና ይድናሉ። ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል ይገባል፤ መስማትንም ዕድሜ ልክ ሊያሳጣ ይችላል።

መብራት ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ቁጥሩ ብቻውን አይወስነውም፤ ሕፃኑ ስንት ሰዓቱ ነው? ቀኑ ሞልቶ ነው የተወለደው? በ24 ሰዓቱ 12 ሚሊግራም በዴሲሊትር የተገኘበት ልጅ መብራት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ቀኑ ሞልቶ የተወለደ ጤነኛ የአራት ቀን ልጅ ግን በዚያው 12 ብዙ ጊዜ በክትትል ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን የታየ ቢጫነት ግን ለነገ አይባልም። የእናትየው ደም ኦ ወይም አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የእናቴ ምክር ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ፀሐይ የሞቀ ሕፃን ቢጫነቱ ሲቀንስ አስተውላ ነበር፤ በ1958 ሐኪሞቹ የመብራት ሕክምናውን ይፋ አደረጉ። ሰማያዊው ብርሃን ቢሊሩቢኑን ጉበት ሳይደክም በሽንትና በሰገራ እንዲወጣ አድርጎ ይለውጠዋል። የፀሐይ ልክ ግን አይታወቅም፤ የተራቆተ ጨቅላም ይበርደዋል ወይም ይቃጠላል።

ልጄ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ዳይፐር ብቻ ለብሶ ሁለት ቀን መብራት ሥር ተኛ። እናቱ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እያወጣች ታጠባው ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ ለዐቂቃው ቤት ደረስን።

አሁንም «ኡስታዝ፣ ይቅሩለት» ይሉኛል። እቀራለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆነን፣ ወደ ሆስፒታል እየሄድን። በቅርቡ አንድ ወጣት አባት «ሰባተኛው ቀኑ ይለፍና» አለኝ። የልጁን ውስጥ እግር ገልጬ አሳየሁት። ሌላ ቃል አልጨመረም።