መስመር ቦታ ሲያገኝ ፊደላችን የት ነበር?

ሮስተር ያላሰመረ መምህር አይገኝም። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የትምህርት ዓይነት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ እያለ ሣጥን መደርደር የሙያችን አንዱ ክፍል ነው። ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር አቅልሎልናል። ነገር ግን ኮምፒዩተር መስመሩን እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? ጥያቄው ተራ ቢመስልም ወደ ፊደላችን ጉዳይ የሚያደርሰን እሱ ነው።

ምሳሌውን ከዚሁ ከጉለሌ እንውሰድ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት ሲጥል ሥዕል አይሥልም፤ ክር ይቆጥራል። ድሩ በቁመት፣ ማጉ በአግድም ሆኖ ከቆጠራው ጥለቱ ይወጣል። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ የሚያስቀምጠው ቅርጽን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ቅርጽ እንደሆነ የሚወስነው ሰዎች የተስማሙበት ሠንጠረዥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት በወርዱ 80፣ በቁመቱ 25 ሣጥን ሲሆን በእያንዳንዷ ሣጥን አንድ ምልክት ብቻ ይገባል። ስለዚህ ሰው ሠንጠረዥ ማስመር ሲፈልግ መስመሩም እንደ ፊደል መቆጠር ነበረበት። ከ179 እስከ 218 ያሉት 40 ቦታዎች ለመስመር ቁርጥራጮች ተሰጡ። 196 አግድሙ ─፣ 179 ቁሙ │፣ 218 የላይኛው ግራ ማዕዘን ┌፣ 197 ድርና ማግ የሚገናኙበት ┼ ነው። እነዚህ ሲገጣጠሙ ሮስተር ይሆናሉ።

እስቲ ፊደላችንን በዚሁ እንስፈረው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላው፣ አኃዙና ነጥቡ ገና አልተቆጠረም። ከ256ቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 128 በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በትእዛዝ ምልክቶች ተይዘዋል። በቀረው ቦታ እንዴት ይበቃል? አይበቃም እኮ! ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዶቹም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ የፊደል ፋይል ከፋፈሉት። ጥረታቸው የሚመሰገን ነው። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ቁጥር በመስጠቱ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አለመቻሉ ነበር።

መዘዙን እኛም ቀምሰነዋል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የቆየ የተማሪዎች ስም ዝርዝር በፋይል ደረሰን። ስንከፍተው የልጆቹ ስም በላቲን ፊደል፣ በቅንፍና በጥያቄ ምልክት ተተክቷል። «እንዴ! ይሄ የማን አገር ቋንቋ ነው?» ተባባልን። ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ፈልጋ ለምትመጣ ልጅ «ፋይልሽ አለ፤ ስምሽ ግን አይነበብም» ሊባል ነው? ያዳነን በእጅ የተሰመረው አሮጌ ሮስተር ነበር። ከሱ ላይ እየተቀባበልን ስሙን አንድ በአንድ እንደገና ጻፍነው።

መስመሩም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የድሮው 179 በዊንዶውስ ሠንጠረዥ ሲነበብ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ 3 ትሆናለች።

መፍትሔው ለዓለም ጽሑፎች ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ሆነ፤ ስሙም ዩኒኮድ ነው። በዚህም ቢሆን መስመር ቀደመን፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ገባ። የኢትዮጵያ ፊደል የገባው በ1999፣ በ345 ምልክቶች ነው። አቀማመጡ የፊደል ገበታችንን ተከትሏል። ሀ 4608፣ ሁ 4609 እያለ ይሄድና ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ስለተያዘ ለ 4616 ላይ ይውላል። ዛሬ «ጉለሌ» የትም አገር ቢጻፍ 4873፣ 4616፣ 4620 ነው።

መስመር የቀደመን ከፊደላችን በልጦ አይደለም። ዝርዝሩ ሲዘጋጅ መስመር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በቦታው ስለነበሩ ነው። ወደፊትም ሌላ ዝርዝር መዘጋጀቱ አይቀርም፤ በዚያ የሚገኙትን ልጆች የምናስተምረው ደግሞ እኛ ነን።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እንሥራ። በየትምህርት ቤቱ የምናገኘውን አሮጌ ፋይል፣ የሚያነበው ፕሮግራም ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ። ስሞቹ አንድ በአንድ ተመሳክረው እስኪያልቁ ድረስም የወረቀቱን ሮስተር ማንም እንዳይጥለው!